በመቀነት ስለተዘጋው በር፦ የደራሲ ሠናይት ደምሴን ዕረፍት አስመልክቶ ከላይ ሰፈር መረዳጃ እድር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር፣ ከምሥረታው ጀምሮ አባሉ የነበሩት ደራሲ ወይዘሮ ሠናይት ደምሴ ማክሰኞ የካቲት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታቸው፣ የጽሕፈት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ካህናት፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእድሩ አባላትና መጽሐፎቻቸውን አንብበው ከይፋግና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰዎች በተገኙበት በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል።

ይህ መግለጫ በሠልስቱ መውጣት ነበረበት። የዘገየው በእኛ ነው። ገና ቀብሩ ላይ ወሬ ተነሣ። ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ ገበያ ወረደ፣ ከገበያ ተመልሶ ደግሞ አብጦ መጣ። ስለዚህ መግለጫው ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛው ሟችን መሰናበት ነው፣ ሁለተኛው በእህታቸው ልጅ በፍሬሕይወት ላይ የሚወራውን ማስቆም ነው። ጸሐፊያችን ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ደንብ አይደለም ብሎናል። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ እናሰፍራለን።

ወይዘሮ ሠናይት በ1948 ዓ.ም. ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚያመርት ቤተሰብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን ደብረ ታቦር ተከታትለው ጽሕፈት ተማሩና በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። ትዳር ይዘው ነበር፤ አልሆነላቸውም፤ ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም።

በ1985 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ሲታጠፍ ከሥራ ተሰናበቱ። አሮጌ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ሲጽፉበት የኖሩትን መኪና ገዝተው በአህያ አስጭነው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ያን ጊዜ ሰፈሩ የመሰለው የማመልከቻ መጻፊያ ቤት ሊከፍቱ ነው። አልከፈቱም። በራቸውን ዘጉና የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ጀመሩ።

በእኛ አገር በር ተዘግቶ አይዋልም። በር የሚዘጋው ወይ የታመመ ነው ወይ የተጣላ ነው ወይ ሀዘን የገባው ነው። እሳቸው ግን ደህና ሆነው ይዘጉ ነበር። ይህን ለመልመድ ሰፈሩ ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ በትክክል ለምዶት እንደሆነም ዛሬ አናውቅም።

በ1988 ዓ.ም. «ይፋግ ላይ ጠብቂኝ» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ሲያገባድዱ የሆነው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከሌላ ሰፈር ሰው ተጣሞ ከሚሰማው እዚሁ ይጻፍ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አበበች በአጥር በኩል የለቅሶ ድምፅ ሰሙ። «ኧረ እትዬ ሠናይት! ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ። ከውስጥ «ደረጄ! ደረጄ ሞተ! እኔው ገደልኩት!» የሚል መልስ መጣ። ወይዘሮ አበበች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አቶ ካሳሁን ማንን ብሎ ሳይጠይቅ ነፋ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ፤ ሴቶቹ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ግቢውን ሞሉት። ወይዘሮ ሠናይት ጣታቸው ቀለም እንደነካው ወጥተው ደረጄ ማለት መጽሐፉ ውስጥ ያለ የጭነት መኪና ሾፌር መሆኑን አስረዱ።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። አቶ ካሳሁን ጡሩምባውን ከትከሻው ሳያወርድ «የሌለ ሰው ቀብር አስነፋችሁኝ እኮ! ነገ የእውነት ሲሞት ማን ይመጣልኛል?» አለ። ወይዘሮ አበበች ግን ታሪኩ ቁጭ ብሎ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበላቸው። ሲያልቅ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ «ይኸማ ይለቀስለታል» አሉ። ንፍሮውም ተበላ።

ከዚያ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ ለሌለ ሰው ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ጤነኛ አይደለችም፣ ብቻዋን መዋል የለባትም ብሎ ወሰነ። አባላት በየተራ አብረዋቸው እንዲውሉ ተመደቡ። በቅን ልቦና የተደረገ ነው። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ወንዶቹ ስለ በሬና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ወይዘሮ ሠናይትም እንግዳ አክባሪ ስለሆኑ የጽሕፈት መኪናውን ሸፍነው ያስተናግዳሉ።

በዚህ ጊዜ ጤናቸው ተቃወሰ። እህል አልበላ አላቸው፣ ከሱ፣ እንቅልፍ አጡ። አንድ ቦታ መቀመጥ ተሳናቸው። ማለዳ ተነሥተው ይፋግ ድረስ በመኪና ይሄዱና ምንም ሳይገዙ፣ ማንንም ሳይጠይቁ በዕለቱ ይመለሳሉ። ምን ልታደርጊ ሄድሽ ሲባሉ «መኪናው ውስጥ የማያውቀኝ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል፤ ዝም ይለኛል» ይሉ ነበር። እኛ ሕመሙ ባሰ ብለን የሚያውሉ ሰዎች ጨመርን።

በ1990 ዓ.ም. ለፍልሰታ ወደ ጣራ ገዳም ሄዱ። ጸበሉን ተጠምቀው፣ ሱባኤውን ጨርሰው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እድር ስብሰባ ገቡና ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አላበድኩም። ሥራዬ ብቻዬን ነው የሚሠራው። ስሞት ቅበሩኝ፣ ስታመም ጠይቁኝ፣ ስጽፍ ግን ተዉኝ።» ከኋላ አንድ ሰው «ስትጽፊና ስትታመሚ በምን እንለይሽ?» አላቸው። እሳቸውም ለወገባቸው የሚታጠቁትን መቀነት ፈትተው አሳዩን። መቀነቱ በግቢው በር ላይ ከታሰረ እየጻፍኩ ነው፣ ከተፈታ ግቡ አሉ።

እድሩ በጉዳዩ ተነጋገረበት። የሰው በር በጨርቅ ሲዘጋ አይተን አናውቅም ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ግን እጅ ተቆጠረና መቀነቱ ጸና። መቀነቱ ሲታሰር ማንም የላይ ሰፈር ሰው ወደዚያ ግቢ አይገባም፣ አያንኳኳም፣ በአጥር አይጣራም ተባለ። አንባቢ ይህን ውሳኔ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የአሁኑ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

በ1992 ዓ.ም. «ሁለተኛዋ በቅሎ» ወጣ። ለዚህ መጽሐፍ ወይዘሮ ሠናይት የሰፈሩን ባልና ሚስት ሁሉ እንዴት እንደተገናኙ ሲጠይቁ ከርመዋል። አንድ ሚስቱ የሞተችበት የእድራችን ሽማግሌ ይህ አይነገርም ብሎ ብዙ ጊዜ መልሷቸዋል። በኋላ ግን ባለቤቱ የሺ ለሠርጓ በበቅሎ ስትመጣ፣ ወንዝ ላይ በቅሎዋ እምቢ ብላ ሙሽራው ጫማውን አውልቆ እየጎተተ እንዳሻገራት ነገራቸው። መጽሐፉ ውስጥ መግባቱን ሲሰማ ተቆጣ። «የሟች ነገር ገበያ ታወጫለሽ?» አላቸው። «አያ፣ እስቲ ያስነብቡትና ከዚያ ይቆጡኝ» አሉት። አስነበበ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቦታ እንደገና እንዲያነቡለት የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌው ይህን መግለጫ የሚያጽፈው ሊቀመንበር ነው፤ የሚያፍርበትም ነገር የለም።

በ1998 ዓ.ም. «ያልታሰረ ነጠላ» ታተመ። ከዚያም በኋላ የወጡት መጻሕፍት በየመናኸሪያው እየተሸጡ፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየተሻገሩ ተነብበዋል። ከጉና ሥር በእግሯ ተነሥታ፣ አዳሯን መንገድ ላይ አድርጋ የመጣች ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ለማትወደው ሰው ሊድሯት መሆኑን ነግራቸው፣ «በመጽሐፍዎ ያለችው ልጅ እምቢ ብላ ምን ሆነች? አላለቀም እኮ» አለቻቸው። ወይዘሮ ሠናይት ልጅቷን ይዘው ወላጆቿ ዘንድ ድረስ በበቅሎ ሄዱ። ሠርጉ ቀርቷል። ባል የሌላት ሴት ስለ ፍቅር ምን ታውቃለች ለሚሉት ሰዎች እድሩ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው።

ስለ ጤናቸው በግልጽ መጻፍ ይኖርብናል፤ ጽሕፈት ገደላት የሚልም አለና። ወገባቸውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያማቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መጽሐፍ በጨረሱ ቁጥር ልክ አራስ እንደሆነ ሰው ይተኛሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ሰፈሩ ይህን አውቆ መቀነቱ ለብዙ ቀን ተፈትቶ ሲያይ አጥሚት ይዞ ይገባ ነበር። የማይጽፉ ጊዜ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ ግቢው ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ፣ የተቀመጠ ዕቃ ያነሣሉ፣ ያነሡትን ይመልሳሉ። የቱ ደህናቸው፣ የቱ ሕመማቸው እንደሆነ አብረናቸው ኖረን እንኳ በቅጡ አልለየነውም።

በ2007 ዓ.ም. የሟች እህታቸው የወይዘሮ ዘርትሁን ልጅ ፍሬሕይወት ከአረብ አገር ተመለሰች። እዚያ ከአልጋ የማይነሡ አሮጊት ስታስታምም የኖረች ልጅ ናት። አክስቷ ቤት ገብታ ጨው ከወጡ ቀነሰች፣ መድኃኒት በሰዓቱ አስዋጠች፣ ወገባቸውን አሸች፣ ማታ ማታ ክንዳቸውን ይዛ አስፋልቱን አዞረቻቸው። ዓይናቸው ሲደክም የጻፉትን ታነብላቸዋለች። ከእሷ መምጣት ወዲህ ወይዘሮ ሠናይት ወፈር አሉ፤ ሲስቁ ከመንገድ ይሰማ ጀመር። ይህን ያላየ የላይ ሰፈር ሰው የለም። ዛሬ የረሳው ግን በዝቷል።

ባለፈው ጥር የደም ግፊታቸው ተነሣ። ሐኪም ዕረፍት አዘዘ። እድሩም በደንቡ መሠረት የታመመ ይጠየቅ ብሎ ለአባላት አስታወቀ። ወይዘሮ ሠናይት ግን የመጨረሻው መጽሐፋቸው መዝጊያው ላይ ደርሰው ስለነበር በማግስቱ መቀነቱን አሳሰሩ። እንግዲህ ሁለት ደንብ በአንድ በር ላይ ተገናኘ፤ አንዱ ግቡ ይላል፣ አንዱ አትግቡ ይላል። እድሩ የትኛው እንደሚበልጥ አልወሰነም። አላሰበበትምም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወይዘሮ አበበች አጥሚት ይዘው ከሌሎች ሴቶች ጋር መጡ። ፍሬሕይወት በሩ ላይ ነበረች። የተባባሉትን ሁለቱም ወገን በስብሰባ ፊት አንድ ዓይነት አድርገው ተናግረውታል።

«መቀነቱ ታስሯል እኮ እትዬ አበበች። እየጻፉ ነው።»

«የታመመ ሰው ምን ይጽፋል? ዞር በይ!»

«አደራ ብለውኛል። ሲፈታ ራሴ መጥቼ እጠራዎታለሁ።»

«አረብ አገር ያስተማረሽ ይህን ነው? ሰው ከበር መመለስ?»

ልጅቱ ከበሩ ዞር አላለችም። ሴቶቹ አጥሚቱን አስረክበው ሄዱ። ፍሬሕይወት አጥሚቱን አሙቃ ስትገባ አክስቷ መኪናው ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። አልፈዋል። ሐኪሙ ድንገተኛ ነው፣ ሰው አጠገባቸው ቢኖርም ላያተርፋቸው ይችል ነበር ብሏል። «ይችል ነበር» ማለቱን ደጋግመን ጠይቀነዋል። ከዚህ የበለጠ አልነገረንም።

ወሬው እንግዲህ ይህ ነው፦ በር ዘግታ ገደለቻት፣ ጠያቂ ከለከለቻት፣ ለቤቱ ብላ ነው። ቀብር ላይ ፍሬሕይወት አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም። ድንኳን ውስጥ ከቤተ ዘመድ ጋር በመቀመጥ ፋንታ ከጀርባ ንፍሮ ስታማስል ዋለች። እዝን ያመጡት ሴቶች ሣህኑን ከእጇ ላለመቀበል ለሌላ ሰው ሰጡ። ልጅቱ ፓስፖርቷን አውጥታ ወደ አረብ አገር ልትመለስ መሆኑን ሰማን። አክስቷን ቀብራ፣ ስሟን እዚህ አስቀብራ ልትሄድ።

በዚህ ምክንያት እሑድ የካቲት 10 ቀን ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የሟች ወንድም አቶ ባምላኩ ደምሴ ከጉና ሥር መጥተው ተገኙ። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ «እህቴ ሰው እያላት እንደ መንገደኛ ብቻዋን ሞተች! በር ላይ የቆመችው ማን ናት? ትንገረኝ!» አሉ። ማንም ዝም አላለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ።

ፍሬሕይወት ተነሥታ «ብከፍትስ ኖሮ?» አለች። «እትዬ ቀና ብለው ሲያዩኝ ምን እላቸው ነበር? አንድ ነገር ነው የለመኑኝ። አብሬያቸው ስኖር አንድ ነገር! እሱንም ብነሣቸው እናንተው መጽሐፏን አስጣለቻት ትሉኝ ነበር።»

አቶ ካሳሁን ደግሞ «ጎበዝ፣ መቀነቱን ማን ፈቀደ? እጃችንን አውጥተን አይደለም? የእኔ እጅ ወጥቷል፤ ያንተም ወጥቷል» እያለ በስም ጠራ። ጭቅጭቁ ሲከር ሊቀመንበሩ ወይዘሮ አበበችን ጠየቀ፤ በር ላይ በቆሙ ጊዜ የጽሕፈት መኪናው ሲመታ ሰምተዋል ወይ? ሰምቻለሁ አሉ። ሲቆምስ?

ወይዘሮ አበበች «ሲቆምም ሰምቻለሁ» አሉ። «ስንጨቃጨቅ ቆመ። እያሰበች ነው አልኩ።»

አቶ ባምላኩ «ታዲያ ምነው አልገባሽ? አንቺ ያደግሽበት አገር ነው፤ ይህቺ ልጅ ናት የምታስቆምሽ?» አሏቸው።

«መቀነቱ ታስሮ? እንዴት አድርጌ ልግባ!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ላይ ያለው ሰው ወደ ፍሬሕይወት ማየት አቃተው። ወሬውን ያወራ ሁሉ እሷ በቆመችበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ያንኑ እንደሚያደርግ ከወይዘሮ አበበች አፍ ሰምቷል።

እድሩ በዕለቱ የሚከተለውን ወስኗል። ወይዘሪት ፍሬሕይወት የጠበቀችው የራሳችንን ደንብ ነው። ጥፋት አለ የሚል ካለ ጥፋቱ የላይ ሰፈር በሙሉ ነው፣ ለሷ ተነጥሎ አይሰጥም። ከዛሬ ጀምሮ በአክስቷ ቦታ የእድሩ አባል ናት። በአርባው ዕለት የምትቀመጠው ከቤተ ዘመድ ጋር ነው፤ ወንበሯን እድሩ ራሱ ያስቀምጣል። በዚህ ጉዳይ የሚያወራ አባል ወሬውን ይዞ ስብሰባ ይምጣ እንጂ ገበያ አይውሰደው።

መቀነቱን በተመለከተ ግን አልተስማማንም። ይሻር የሚሉና ለሌላም ሰው ቢሆን ይኑር የሚሉ ተከራክረው ጀንበር ጠለቀች። ሰውን በሚፈልገው መንገድ መተው ነው ደግ፣ ወይስ ሳይፈልግም አብሮት መሆን? ወይዘሮ ሠናይት መጀመሪያ ስንከብባቸው ታመሙ፤ ስንተዋቸው ደግሞ መጽሐፍም ጻፉ፣ ብቻቸውንም ሞቱ። ይህን ሐሳብ ይዘን ቁጭ ብንል ያስነሣናል፣ ብንቆም ያስቀምጠናል። መግለጫ ማረፊያ ያለው ነገር መሆን ነበረበት። ይህኛው የለውም፤ አለው ብለን አንዋሽም።

የመጨረሻው መጽሐፋቸው ማለቅ አለማለቁን እኛ አንፈርድም። ገጾቹ እንዳሉ በፍሬሕይወት እጅ ናቸው፤ ይታተም አይታተም የምትለው እሷ ናት። ለምን እሷ ለሚል፣ ሲጻፍ ያነበበችው እሷ ስለሆነች ነው።

እንግዲህ የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር በደራሲ ወይዘሮ ሠናይት ደምሴ ዕረፍት የተሰማውን ሀዘን እየገለጸ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር እንዲያሳርፍ ይለምናል። መጽናናትን የሚመኘውም በመጀመሪያ ለልጃቸው ለፍሬሕይወት፣ ቀጥሎ ለወንድማቸው ለአቶ ባምላኩ ደምሴ፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና በየመንገዱ ላነበቧቸው ሁሉ ነው።

ጸሐፊያችን «ልጃቸው» የሚለው ስሕተት ነው፣ «የእህታቸው ልጅ» ተብሎ ይታረም፣ ተራውም ወንድም ይቀድማል ብሎ ነበር። አልታረመም። መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ለአቶ ባምላኩ ተነቦላቸዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደረስ አስቆሙና እንደገና እንዲነበብ አደረጉ።  ከዚያም «ይሁን፤ እንደዚያው ይውጣ» ብለው ፍሬሕይወትን ሊጠሩ ተነሡ።

ሙላቴ ፋንታው
የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ደብረ ታቦር፣ የካቲት 2011 ዓ.ም.